አንድ ልጅ ከጭስ ማውጫ ለማውጣት 87 ዓመት

ማስመሪያ አንሱና ጠረጴዛችሁ ላይ 23 ሴንቲ ሜትር ለኩ። ከደብተራችሁ ቁመት እምብዛም አይበልጥም። አሁን አራቱም ጎኑ 23 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ሣሉና ሰው በዚያ ቀዳዳ ሊያልፍ ይችል እንደሆነ ገምቱ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የብዙ ጭስ ማውጫዎች ስፋት ይህን ያህል ነበር፤ በውስጡም ሰው ያልፍ ነበር። ሰው ስል ልጅ ማለቴ ነው። የስድስት፣ የሰባት ዓመት ልጅ፤ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ቤታቸውን የሚያሞቁት በድንጋይ ከሰል ነበር። ትልቅ ቤት ከሆነ በየክፍሉ ምድጃ አለ። የየምድጃው ጭስ መውጫ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ እየተጠማዘዘ፣ አንዳንዱም በአግድም እየሄደ ጣሪያ ላይ ይወጣል። ጥላሸት ሲጠራቀምበት ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳል፤ ሲብስም ጥላሸቱ ራሱ እሳት ይያያዝና ቤቱን ያቃጥላል። ስለዚህ መጠረግ አለበት። አዋቂ አይገባበትም፤ ልጅ ግን ይገባል።

ልጆቹ ከየት ይመጣሉ? ከድሃ ቤት፣ ወይም ወላጅ ከሌላቸው። “ተለማማጅ” ተብለው ለአንድ ጠራጊ ይሰጣሉ፤ ገንዘብ ተቀብለው ልጃቸውን የሚሰጡ ወላጆችም ነበሩ። ልጁ ጀርባውን አንዱ ግድግዳ ላይ፣ ጉልበቱን ሌላው ላይ እየገፋ ሽቅብ ይወጣል። ክርኑና ጉልበቱ ይላጣል፣ ይደማል። ቆዳው እንዲጠነክርለት ተብሎ እሳት ዳር አቁመው ቁስሉን በጨው ውሃ ያሹታል። ይህን ለመርማሪዎች የተናገሩት ጠራጊዎቹ ራሳቸው ናቸው። መሃል ላይ ጉልበቱ ከአገጩ ጋር ከተቀረቀረ ወይም ጥላሸቱ ከላይ ከተናደበት ደግሞ ልጁ እዚያው ታፍኖ ሊቀር ይችላል።

የሚገርመው፣ የሥራው ጉዳት የተደበቀ አልነበረም። በ1775 ፐርሲቫል ፖት የሚባል የለንደን ቀዶ ሐኪም አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። በጭስ ማውጫ ጠራጊዎች የቆለጥ ከረጢት ላይ የሚወጣ ክፉ ቁስል አለ፤ ሰው የአባላዘር በሽታ ይመስለዋል። ፖት “አይደለም፣ ካንሰር ነው፤ መነሻውም በቆዳ እጥፋት ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት ነው” የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። አንድ ካንሰር ከአንድ የሥራ ዓይነት ጋር በግልጽ ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ማያያዙ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ልጁ መውጣት የሚጀምረው በስድስት ዓመቱ ነው፤ በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ጎልማሳ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ ፖት ጥላሸቱ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ያደረገው ነገር የሕመምተኞቹን ሥራ ልብ ማለት ብቻ ነው። ዋናው ጥፋተኛ፣ ቤንዞፓይሪን የሚባለው ውህድ፣ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ነው።

ታዲያ ሐኪሙ ከተናገረ በኋላ ምን ሆነ? ከ13 ዓመት በኋላ፣ በ1788፣ ፓርላማው ሕግ አወጣ፤ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተለማማጅ እንዳይሆን ከለከለ። ረቂቁ ላይ አንድ ሌላ አንቀጽም ነበር። ጠራጊ ሁሉ የሥራ ፈቃድ እንዲያወጣ የሚያስገድድ። የመኳንንቱ ምክር ቤት ይህን አንቀጽ ሰረዘው። የተሰረዘችውን አንቀጽ ያዙልኝ።

ፈቃድ ከሌለ ማን ጠራጊ እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ ማን ስንት ልጅ እንደያዘም የሚቆጥር የለም። ዕድሜውስ? እንግሊዝ ውስጥ የልደት ምዝገባ በመንግሥት ደረጃ የተጀመረው በ1837 ነው። ከዚያ በፊት ጌታው “ስምንት ሞልቶታል” ካለ፣ ሞልቶታል።

“ሌላ መላ ስላልነበረ ነዋ!” እንዳትሉ፣ መላው ነበር። በ1803 ጆርጅ ስማርት የሚባል ሰው እርስ በርሳቸው የሚቀጣጠሉ ዘንጎች ጫፍ ላይ ብሩሽ የተሰካበት መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ከታች ሆኖ ወደ ላይ መግፋት ነው። ችግሩ፣ በጣም የተጠማዘዘው ጭስ ማውጫ ውስጥ ለመሥራት ግድግዳው ላይ በር መክፈት ወይም መስመሩን ማስተካከል ያስፈልጋል። እሱ ደግሞ ገንዘብ ያስወጣል። ልጅ ግን ርካሽ ነው።

እንግዲህ የምንነግራችሁ ሰው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንቶኒ አሽሊ ኩፐር በ1801 ከመኳንንት ቤት ተወለደ፤ በ1826 ሎርድ አሽሊ በሚለው ስሙ ታችኛው ምክር ቤት ገባ። አባቱ በ1851 ሲሞት ማዕረጉን ወርሶ የሻፍትስበሪ መስፍን ተባለና ወደ መኳንንቱ ምክር ቤት ተዛወረ። አብዮተኛ እንዳይመስላችሁ። ወግ አጥባቂ ነበር፤ የመምረጥ መብት ለሠራተኛው መስፋቱንም በጥርጣሬ ነበር የሚያየው። ግን ስለ አእምሮ ሕሙማን፣ ስለ ፋብሪካ ልጆች፣ ስለ ከተማ ንጽሕና ፓርላማ ላይ እንደሱ ደጋግሞ የተነሣ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው የ1842ቱ ነው። አንድ የምርመራ ኮሚሽን ስለ ከሰል ማዕድን ልጆች ሪፖርት አወጣ። ሪፖርቱ ሥዕሎች ነበሩት፤ ለመንግሥት ሰነድ ያልተለመደ ነገር ነው። ወገቧ ላይ ሰንሰለት ታስሮ፣ በእጅና በጉልበቷ እየዳኸች ጋሪ የምትጎትት ልጅ ትታያለች። አሽሊ ሰኔ 7 ቀን ሁለት ሰዓት ያህል የፈጀ ንግግር አደረገ። በዚያው ዓመት ሴቶች በሙሉ፣ እንዲሁም ከአሥር ዓመት በታች ያሉ ወንዶች፣ ከመሬት በታች እንዳይሠሩ ታገደ።

ታዲያ የማዕድኑ ነገር እንዲህ በአንድ ዓመት ሲያልቅ የጭስ ማውጫው ለምን ያን ያህል ተጎተተ? ለኔ የሚመስለኝ ይሄ ነው። ማዕድኑ የሌላ ሰው ነበር፤ አብዛኛው የምክር ቤት አባል አይቶት አያውቅም፣ ሥዕሉን ሲያይ ደነገጠ። የጭስ ማውጫው ልጅ ግን ማለዳ ማለዳ በራሱ በር ነበር የሚገባው። ልጁ ይከልከል ማለት ግድግዳዬን በራሴ ወጪ አፈርሳለሁ ማለት ነው። ደግሞም አለማየትን ለምዶታል።

ሌላም ልዩነት አለ። የ1833ቱ የፋብሪካ ሕግ ለመላው አገሪቱ አራት ተቆጣጣሪዎችን ሾሞ ነበር። አራት ሰው ለዚያ ሁሉ ፋብሪካ ምን ይበቃል፣ ትሉ ይሆናል፤ ልክ ናችሁ። ግን ቢያንስ ሥራው መግባትና ማየት የሆነ ሰው ነበር። የጠራጊዎቹ ሕግ ይህ አልነበረውም። የ1834ቱ ሕግ ዕድሜውን ከፍ አደረገ። አሽሊ የተሟገተለት የ1840ው ሕግ ደግሞ ማንም ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ጭስ ማውጫ ውስጥ እንዳይወጣ ከለከለ። ወረቀቱ ላይ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ግን ጥፋቱ የሚፈጸመው ሰው ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ነው። ምስክሩ ማን ነው? የቤቱ ባለቤት፤ ልጁን ያስጠራውም እሱ ነው። ክሱ ቢመጣ እንኳ ዳኛው ብዙ ጊዜ ጠማማ ጭስ ማውጫ ያለበት ትልቅ ቤት ባለቤት ነው። ለንደን ውስጥ ሕጉ በመጠኑም ቢሆን ሠራ፤ በሌሎች ከተሞች ልጆቹ መውጣታቸውን ቀጠሉ።

ሻፍትስበሪ በ1850ዎቹ ረቂቅ ያቀርባል፤ ይወድቅበታል። እንደገና ያቀርባል፤ ይወድቅበታል። አንዱ ምክር ቤት ሲያሳልፈው ሌላው ይጥለዋል። በ1863 የልጆችን ሥራ የሚመረምር ኮሚሽን ልማዱ አለመቆሙን ዘገበ፤ የጨው ውሃው ወሬ የወጣው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ቻርልስ ኪንግስሊ ስለ አንድ ጠራጊ ልጅ የጻፈው የልጆች መጽሐፍ ታትሞ ብዙ ተነበበ። በ1864 የሻፍትስበሪ ሕግ ጸደቀ፤ ቅጣቱም ጠነከረ። ተቆጣጣሪ? አሁንም የለም።

የካቲት 1875፣ ካምብሪጅ አጠገብ ፉልቦርን በሚባል ቦታ። ጆርጅ ብሩስተር የ11 ዓመት ልጅ ነው። ጌታው ዊልያም ዋየር የአንድ ሆስፒታል ጭስ ማውጫ እንዲጠርግ ላከው። ልጁ ውስጥ ተቀረቀረ። ግድግዳውን አፍርሰው አወጡት፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዋየር በሰው መግደል ወንጀል ተፈርዶበት ከከባድ የጉልበት ሥራ ጋር ስድስት ወር ታሰረ። ልጅ ጭስ ማውጫ ውስጥ መላክ በሕግ ከተከለከለ 35 ዓመት ሆኖት ነበር። ሆስፒታሉ ደግሞ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነው። እነዚህን ተቋማት የሚከታተለው ኮሚሽን ሰብሳቢ ከ1845 ጀምሮ ማን ነበር? ራሱ ሻፍትስበሪ። ያን ዜና ሲያነብ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

ዕድሜው 73 ደርሶ ነበር። ለጋዜጣ ጻፈ፣ ምክር ቤቱ ውስጥ ተነሣ፣ ሌላ ረቂቅ አቀረበ። ይህኛው ስለ ልጆቹ ዕድሜ እንደገና የሚያወራ አልነበረም፤ እሱ ከ1840 ጀምሮ ተጽፎ አልቋል። ይህኛው የሚለው ጠራጊ ሁሉ በየዓመቱ ፖሊስ ዘንድ ቀርቦ ፈቃድ ያውጣ፤ የቀድሞውን ሕግ የጣሰ ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል፤ ማስከበሩም የፖሊስ ሥራ ይሁን ነው። ያዙልኝ ያልኳችሁ የ1788ቷ አንቀጽ ናት እንግዲህ፣ ፖሊስ ተጨምሮባት።

ሕጉ በዚያው ዓመት በጋ ላይ ጸደቀ። ጠራጊዎቹ ስማቸው ተመዘገበ፤ ጭስ ማውጫውን የሚጠርገው ብሩሹ ሆነ፤ ጠማማው ግድግዳም በባለቤቱ ወጪ ተስተካከለ። ሻፍትስበሪ በ1885 እስኪሞት ድረስ የአእምሮ ሕሙማን ኮሚሽኑን ሰብሳቢነት አልለቀቀም።