አያቱ ወታደር ነበር፤ ታዲያ ዜግነቱስ?

ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ ያለው የቡና አገር በ1929 ዓ.ም. ጣሊያን ከጅማ ሆኖ ከሚያስተዳድረው ግዛት ውስጥ ገባ። ወታደር የሄደበት አገር ልጅ ይቀራል። ዛሬ የእነዚያ ልጆች ልጆች «አያቴ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር፤ ፓስፖርት ይገባኛል?» ብለው ይጠይቃሉ።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይታወቅ። ውትድርና ዜግነት አያወርስም። ለጣሊያን የተዋጉት የኤርትራና የሶማሊያ አስካሪዎች ደማቸውን ቢያፈሱም በሕጉ «ተገዢ» እንጂ ዜጋ አልነበሩም፤ የልጅ ልጆቻቸው በዚህ በኩል የሚጠይቁት የለም። የሚያወርሰው ትውልድ ነው፤ እሱም በወረቀት ከተረጋገጠ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በ1925 ዓ.ም. የወጣው የጣሊያን ሕግ ክልሶች ዜግነት የሚያገኙበትን በር ከፍቶ ነበር። በሚያዝያ 1929 የወጣው ሕግ ደግሞ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር ደነገገ። በግንቦት 1932 ቁጥር 822 የሆነው ሕግ ሲመጣ፣ አባት ክልስ ልጁን «የእኔ ነው» ብሎ እንዳያስመዘግብ ተከለከለ። ልጁን የሚወድ ወታደር እንኳ ቢፈልግ መፈረም አይችልም ማለት ነው። ሕጉ በ1939 ተሻረ፤ ግን ጅማ በሰኔ 1933 ከተለቀቀች ስድስት ዓመት አልፏል። አባቶቹ ወይ በኬንያና በሕንድ በምርኮ ቆይተዋል፣ ወይ አገራቸው ገብተዋል፣ ወይ ሞተዋል። ልጆቹም በእናታቸው አባት ስም ተጠርተው አድገዋል። የኢትዮጵያ የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ መሆኑን እዚህ ላይ ያስታውሷል።

የወታደሩ የአገልግሎት መዝገብ፣ ጣሊያኖቹ ፎሊዮ ማትሪኮላሬ የሚሉት፣ በአብዛኛው በተወለደበት አካባቢ በሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት ይገኛል። ሰውየው መቼ እንደተመለመለ፣ የት እንደዘመተ ይናገራል። ቴፒ ላይ ማንን እንደወለደ ግን አይናገርም። አባትነትን በጣሊያን ፍርድ ቤት ማረጋገጥ ይቻላል፤ ለልጁ ለራሱ ይህ ክስ በይርጋ አይታገድም። ልጁ ሳይከስ ከሞተ ግን ተወላጆቹ ያላቸው ጊዜ 2 ዓመት ብቻ ነው። በ1930ዎቹ የተወለዱት ደግሞ በሕይወት ካሉ ዘጠናን እየነኩ ነው።

በመጋቢት 2017 ሮም በሩን ይበልጥ አጠበበች። ከአገር ውጭ ለተወለደ ሰው የዘር መስመሩ በአያት እንዲቆም አደረገች፤ አያቱም እስኪሞት የጣሊያን ዜግነት ብቻ የነበረው መሆን አለበት። የቅድመ አያት ጥያቄ በዚሁ አበቃ።

በዚህ በኩል ደግሞ አዋጅ ቁጥር 378/1996 አለ። ወዶ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ቢጫ ካርድ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ያሠራል፤ ምርጫ ግን አያስመርጥም። ሕገ መንግሥቱ የእርሻ መሬት በነፃ የማግኘትን መብት የሰጠው ለኢትዮጵያዊ አርሶ አደር ነው። እናም የቴፒው ቡና አምራች፣ ሁሉም ቢሳካለት እንኳ፣ ፓስፖርቱን ከመቀበሉ በፊት ስለ ቡና ማሳው ቀበሌውን መጠየቅ ይኖርበታል።