የመምህር ታምራት ትምህርት ቤትና የቀረልን ወረቀት



እኛ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ የምናገለግል ሰዎች የብዙ ቤተሰብ ደጅ እንረግጣለን። ባለፈው የዝናብ ወራት እዚሁ ፔታ ቲክቫ፣ ቤት ለመቀየር ዕቃቸውን ይሸክፉ ከነበሩ አንድ አባት ዘንድ ሄደን ሳለ፣ ሊጣል ከተዘጋጀ ፌስታል ውስጥ ጠርዙ የተበላ ደብተር አየን። ሰውየው በ1970ዎቹ አምቦበር ተማሪ ሳሉ የጻፉት ነው። በአንዱ ገጽ የዕብራይስጥ ቃላት ከነአማርኛ ፍቺያቸው፣ በሌላው የማካፈል ሒሳብ፣ ከኅዳጉ ላይ ደግሞ የበሬ ሥዕል አለ። የልጅ ልጃቸው «ሳባ፣ ይኼ ደግሞ ምን ይሠራል?» አለ። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው «ተማሪ ነበርኩ ብል ያለሱ ማን ያምነኛል?» አሉ።

ነገሩ ከልባችን አልወጣም። በዚህ አገር ቅጽ ሲሞላ «የትምህርት ዓመታት» በሚለው ቦታ ላይ ለወላጆቻችን ዜሮ ተጽፎ ያየነው ስንት ጊዜ ነው! አንዳንዴም ሳንጠይቅ የጻፍነው እኛው ነን። ስለዚህ በዚህ እትም ስለ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ልናጫውታችሁ ወደድን። ልጆቻችሁም ይህንኑ በዕብራይስጡ ገጽ ያገኙታል። ዘመኑን የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ዣክ ፋይትሎቪች ቤተ እስራኤልን ፍለጋ ወደ ኢትዮጵያ መጀመሪያ የመጡት በ1904 ነው። በ1905 ሲመለሱ ታምራት አማኑኤልና ጌቴ ኤርምያስ የተባሉ ሁለት ወጣቶችን ይዘው ወደ አውሮፓ ሄዱ። ታምራት በኢጣልያ አገር በፍሎሬንስ የረቢዎች ትምህርት ቤት ተምረው፣ ከብዙ ዓመት በኋላ በ1920 አገራቸው ገቡ። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ፋይትሎቪች በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ሲከፍቱ፣ ኃላፊው እኚሁ መምህር ታምራት ሆኑ።

ያን ጊዜ ከጎንደር አዲስ አበባ መኪና የሚሄድበት መንገድ አልነበረም። አንድ ልጅ ከወለቃ ወይም ከሰሜን ተራሮች ተነሥቶ ሸገር እስኪደርስ በእግርና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅበታል። እናቱን መቼ እንደሚያያት አያውቅም። አሁን በቅርብ ከጎንደር የመጣችሁ ቤተሰቦች ልጃችሁን አዳሪ ትምህርት ቤት ስትሸኙ ሆዳችሁ ቢባባ፣ የዚያን ዘመን እናት አስቧት።

ፋይትሎቪች በየጊዜው 25 ያህል ወጣቶችን ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ግብፅና ወደ አውሮፓ ከተሞች ለትምህርት ልከዋል። ከመካከላቸው በሰው አገር ታመው የሞቱ አሉ። ተመልሰው ትልቅ ቦታ የደረሱም አሉ፤ ታደሰ ያዕቆብ በአፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት እስከ ሚኒስትርነት በቅተዋል። የወለቃው ተወላጅ ዮና ቦጋለ በኢየሩሳሌም፣ በጀርመንና በስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ፤ በኋላም የመንደር ትምህርት ቤቶቻችን ዋልታ ሆኑ። በ1979 ወደ እስራኤል ወጥተው በ1987 ዐረፉ።

በ1936 ኢጣልያ አዲስ አበባን ሲይዝ ትምህርቱ ተቋረጠ። መምህር ታምራትም ተሰደዱ። ከነጻነት በኋላ በትምህርት ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በፓሪስ በኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ሠርተው፣ በ1963 በኢየሩሳሌም አረፉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ በምን ልናውቅ ቻልን? ፋይትሎቪች ወረቀት የማይጥሉ ሰው ነበሩ። በ1955 ቴል አቪቭ ሲሞቱ የተዉት የግዕዝ መጽሐፍ፣ ደብዳቤና ፎቶግራፍ ዛሬ በቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከዚህ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። መምህር ታምራትም ብዙ የሚጽፉ ሰው ነበሩ፤ ደብዳቤዎቻቸውን ኢማኑኤላ ትሬቪዛን ሴሚ የተባሉ ምሁር አሰባስበው በ2000 በቶሪኖ አሳትመዋል። ስለ ቤተ እስራኤል መነኮሳትና ስለ ቅዱሳን ቦታዎች የሚያውቁትንም ፕሮፌሰር ቮልፍ ሌስላው ተቀብለው በ1974 አሳተሙት፤ ይህ እንግዲህ ባለቤቱ ካረፉ ከ11 ዓመት በኋላ ነው። ያ ማስታወሻ ባይያዝ ኖሮ ዕውቀቱ አብሯቸው መቃብር ይወርድ ነበር።

ሆኖም አንድ ቅሬታ አለን። ደብዳቤ የሚጽፈው ኃላፊው ነው፤ የሚጽፈውም ገንዘብ ለሚልክለት ሰው ነው። ስለዚህ ስለ በጀት፣ ስለ ትምህርቱ አቅጣጫ፣ በሁለቱ ሰዎች መካከል ስለነበረው አለመስማማት ብዙ ይነገራል። ሰንበት ማታ ልጆቹ ምን ያዜሙ እንደነበር፣ ማን ማንን ያሾፍ እንደነበር፣ አዲስ የመጣው ልጅ የመጀመሪያ ሌሊቱን እንዴት እንዳደረ ግን የሚነግረን ተማሪው ብቻ ነው። የዚያ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ደግሞ አሁን የሉም።

ሌሎቹ ቀድመው አስበውበታል። አዲስ አበባ የኖራችሁ ስድስት ኪሎን ታውቁታላችሁ። በ1950 የተከፈተው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ገና ትንሽ ሳለ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሹም ስታኒስላው ሆይናትስኪ ስለ አገሪቱ የተጻፈውን መሰብሰብ ያዙ፤ ከዚያ ጥረት በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቆመ። ይህች የምንኖርባት ፔታ ቲክቫም በ1878 ስትቆረቆር ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ነበሩባት፤ ወባ ስላስቸገራቸው ጥለዋት ሄደው እንደገና ተመልሰዋል። ዛሬ ልጆቻችን በትምህርት ቤት ስለ እነሱ የሚማሩት ወረቀታቸው በከተማዋ ቤተ መዛግብት ስለተቀመጠ ጭምር ነው።

የእኛስ? በ1955 እና በ1956 በሁለት ዙር 27 ወጣቶች ከኢትዮጵያ መጥተው እዚሁ አጠገባችን ራዓናና በሚገኘው በክፋር ባትያ ተምረዋል። መምህር ሆነው እንዲመለሱ ነበር የታሰበው፤ የተመለሱትም በየመንደሩ አስተምረዋል። ዛሬ ከእነሱ በሕይወት ያሉት ዕድሜያቸው ገፍቷል። እነሱ ያስተማሯቸው፣ ከእነሱም በኋላ በአምቦበርና በሌሎች መንደሮች የተማሩት ግን በመካከላችን አሉ፤ በየማትናሱ ከጎናችሁ ይቀመጣሉ።

ደግሞ ካሴቶቹን አትርሱ! ዘመድ ከዘመድ ተለያይቶ በነበረበት ዘመን ከጎንደር እስራኤል፣ ከእስራኤል ጎንደር በድምፅ የተላኩ ካሴቶች በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ካሴት ደግሞ እንደ ብራና አይደለም፤ ከጊዜ ብዛት ድምፁ ይደክማል። ፎቶግራፍም ቢሆን በጀርባው ስምና ቦታ ካልተጻፈበት ከአንድ ትውልድ በኋላ የማይታወቅ ሰው ፊት ብቻ ነው። በእርሳስ ጻፉበት፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊቱ ይዘልቃል።

የእኚያን አባት ደብተር በመጨረሻ ማትናስ አመጡልን። ገጽ በገጽ ፎቶ ስናነሣ እሳቸው ቃላቱን ጮክ ብለው እያነበቡ፣ መምህራቸው እንዴት ይሉት እንደነበር ድምፃቸውን እየቀየሩ ሲያሳዩን፣ በስልክ ቀዳናቸው። ሊያነቡ የመጡት ለሩብ ሰዓት ነበር፤ የሄዱት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። የበሬውን ሥዕል የሳለው ግን እሳቸው ሳይሆኑ አብሯቸው ይቀመጥ የነበረ ልጅ መሆኑን ነገሩን። ስሙንም አስጻፉን፤ በሱዳን መንገድ የቀረ ነው።

ደብተር፣ ካሴት ወይም ፎቶግራፍ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ዕቃችሁን አናስቀርም፤ ፎቶ አንሥተን ወይም ቀድተን በዚያው ቀን እንመልሳለን።