ጉባኤ ተስፋን እንደሚያድስ

ብቻውን የቆመ ሰው ጕልበቱ ቶሎ ይደክማል፤ ባልንጀራውን ያየ ግን መንገዱ ቢረዝምበትም ይበረታል። በቢቸናና በሞጣ አገር ያደገ ሰው ይህን ነገር አስቀድሞ የሚማረው ከቅኔ ቤት ነው። ደበሎውን ለብሶ፥ አኵፋዳውን አንግቶ፥ ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ወይም ወደ ደብረ ወርቅ የወረደ ተማሪ ቀን ቍራሽ ሲለምን ብቻውን ነው። ማታ ግን ከመምህሩ ሥር ከጓደኞቹ ጋራ ሲቀመጥ የቀኑን ውሻና የቀኑን ራብ ይረሳል። ለተማሪ እንዲህ ከኾነ ለአብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ ነው። ይህ በዓለ ኢዮቤልዩ ምእመናንን ከየአጥቢያው ሰብስቦ ሲያገናኝ፥ ከጎጃም የወጡ አንድ አባት የደከሙበትን ጉባኤ ታሪክ ማንሣት የተገባ ነው።

የኢትዮጵያ፥ የግብፅ፥ የሶርያ፥ የአርመንና የህንድ ኦርቶዶክሳውያን አብያተ ክርስቲያናት በሃይማኖት አንድ ናቸው። ነገር ግን በ431 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከተደረገው ከኤፌሶን ጉባኤ ወዲህ አለቆቻቸው በአንድነት ለምክር ሳይቀመጡ ከ1,500 ዓመት በላይ ዐለፈ። በ451 በኬልቄዶን ከተለዩ በኋላ እያንዳንዳቸው በየአገራቸው መከራቸውን ለየብቻ ተሸከሙ። በጥር 7 ቀን 1957 ዓ.ም. ግን በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ በአዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ከእስክንድርያ አቡነ ቄርሎስ 6ኛ፥ ከሶርያ ማር ኢግናጥዮስ ያዕቆብ 3ኛ፥ ከአርመን ቫስጌን 1ኛ፥ ከህንድ ባስልዮስ አውጌን 1ኛ መጡ። ጉባኤው እስከ ጥር 13 ቀን ስለ ቈየ በዓለ ጥምቀት በመካከሉ ዋለ። ስለ ትምህርት፥ ስለ ስብከተ ወንጌል፥ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋራ ስለሚኖረው ግንኙነትና ስለ ዓለም ሰላም መከሩ፤ ምክሩም በዚያው እንዳይቀር ቋሚ ኮሚቴ አቆሙ።

ከኢትዮጵያ በኩል ለዚህ ጉባኤ ከደከሙት አንዱ የሐረርጌው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ቴዎፍሎስ ነበሩ። ተወላጅነታቸው ከጎጃም፥ ከደብረ ኤልያስ ነው።

በዚያው በአውሮፓ 1965 ዓመት፥ በጥቅምት ወር፥ በዚያው ከተማ ሌላ ጉባኤ ተደረገ። የአፍሪካ ሉተራውያን በ1955 በታንጋኒካ ማራንጉ፥ በ1960 በማዳጋስካር አንትሲራቤ ተሰብስበው ነበርና ሦስተኛውን በአዲስ አበባ አደረጉ። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የቆመችው በጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምእመናኗ 20,000 ያህል ነበሩ። በጣልያን ወረራ ዘመን የውጭ መምህራን ሲባረሩ ማኅበሩን የጠበቁት ያገር ልጆች ናቸው። እንዲህ ጥቂት ኾነው የቈዩት ከሌላው አፍሪካ የመጡትን ወንድሞቻቸውን ባዩ ጊዜ ብቻቸውን እንዳልኾኑ ዐወቁ። በትምህርተ ሃይማኖት ከኦርቶዶክሳውያን የሚለዩበት ነገር ብዙ ነው፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። በጉባኤ ያገኙት መጽናናት ግን አንድ ዐይነት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ተስፋ በእሳት ተፈተነ። አቡነ ቴዎፍሎስ በግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በመንበረ ፓትርያርክ ተቀመጡ፤ በየካቲት 1968 ዓ.ም. ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ አሰራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሓፊ የወለጋው ቄስ ጉዲና ቱምሳም ከአገር እንዲወጡ ቢመከሩ መንጋቸውን ጥለው አልወጡም፤ በሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ወገኖቻቸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ መቃብራቸውን ሳያውቁ ቈዩ። በ1984 ዓ.ም. የኹለቱም ዐፅም በራስ አሥራተ ካሣ ግቢ ተገኘ። በሕይወት ሳሉ በአንድ መቅደስ ያልቈሙት ኹለቱ አባቶች በአንድ ግቢ ዐፈር ተገኙ።

እንግዲህ ገዳዩ ተስፋን ገደለን? አልገደለም። ገዳዩ በሌሊት፥ ያለ ምስክር፥ ያለ ጸሎት ቀበራቸው፤ ሕዝብ ግን በቀን፥ በአደባባይ፥ በጸሎት ዐፅማቸውን አሳረፈ። ጉባኤ የሚሰጠው ተስፋ መከራ አይመጣም የሚል አይደለም፤ መከራ ሲመጣ የሚፈልግህ ወገን አለ የሚል ነው እንጂ።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በዐማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ብዙውን ሰው ከዘመዱ፥ ተማሪውንም ከመምህሩ ለይቷል። ስለዚህ በዚህ በዓል የተሰበሰበ ኹሉ በልቶና ጠጥቶ ብቻ አይበተን። ከጎኑ ባዶ የቀረውን ስፍራ ይመልከት፤ ያልመጣው ማን እንደ ኾነ ይጠይቅ፤ ነገም ወደ ደጁ ይኺድ። እንዲህ የተደረገ እንደ ኾነ ጉባኤው አልተፈታም። የተበተኑትን የሚሰበስብ አምላክ የቢቸናን ምእመናን በሰላም ለከርሞ ያድርስ፤ አሜን።