የሽንት ቤታችን ታሪክ

በእንጦጦ ሥር ያሉት የየካ ሰፈሮቻችን ታሪክ ሲነገር ቤተ ክርስቲያኑ፣ ገበያውና ባሕር ዛፉ ይወሳሉ። ሽንት ቤቱን ግን ማንም አያነሳም። እኛ እናንሳው፤ ጣጣው ዘወትር የሴቶች ነበርና።

ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከወረደች በኋላ ለረጅም ዘመን ብዙው ሰው የሚጸዳዳው ሜዳና ወንዝ ዳር ነበር። ኋላ ጉድጓድ መቆፈር ተለመደ። አፉ በባሕር ዛፍ ይረበረባል፤ ዙሪያው በቆርቆሮ ይከለላል። ሲሞላ ይደፈንና ሌላ ይቆፈራል።

በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች ሲወረሱ ብዙ ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ። አንዱን ጉድጓድ በርካታ አባወራ ተጋራው። ሌላ የሚቆፈርበት ቦታ ሲጠፋ በመኪና ማስመጠጥ ግድ ሆነ። የተመጠጠውም ኮተቤና ቃሊቲ ወዳሉት ማድረቂያዎች ይጓዝ ነበር።

መኪናው ግን የእኛን ጉራንጉር አይገባም፤ ቱቦውም ከአስፋልቱ አይደርስም። ክረምት ላይ ሞልቶ ሲገነፍል በየደጃችን ያልፍና ቀበና ወንዝ ይገባል። ልጆች ሲታመሙ አስታማሚዎቹ እኛ ነን። ቤት ለቤት ዞረን መዋጮ የሰበሰብነው፣ መኪና እንዲያልፍ አጥር ጠጋ አድርጉልን ብለን ጎረቤት የለመንነውም እኛው ነን።

ዛሬ አቅም ያለው ሴፕቲክ ታንክ ያሠራል። ደለሉ ከታች ይረጋል፤ ውሃው ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ያልፋል። እሱም በጊዜው ካልተመጠጠ ደለሉ አልፎ ማስረጊያውን ይደፍናል። ስለዚህ እህቶች፣ ከወርሃዊ ቁጠባችን ጥቂቱን ሳይሞላ በፊት ለማስመጠጫ እንለይ።