16 ወይስ 4,150? የአሜሪካ የውሻ ምግብ ቅሌትና የሞቱትን የቆጠሩት ሰዎች

(በጽሑፉ ያሉት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1906 የምግብና የመድኃኒት ሕጉን ሲያወጣ፣ «ምግብ» ማለት ሰውም ሆነ ሌሎች እንስሳት የሚበሉትና የሚጠጡት ነገር ሁሉ ነው ሲል ደነገገ። የውሻ ምግብ በሕግ ፊት ከሰው ምግብ ጎን ከተሰለፈ መቶ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። አፈጻጸሙ ግን ሌላ ነበር። የአንዱን ውሻ በቴክሳስ መታመም፣ የሌላዋን ድመት በኒውዮርክ መሞት አያይዞ «ይህ ወረርሽኝ ነው» የሚል ሥርዓት አልተዘረጋም። ክፍተቱ ገሃድ የወጣው በ2007 የጸደይ ወራት ነው።

ማርች 16 ቀን 2007 መቀመጫውን በካናዳ ኦንታሪዮ ያደረገው ሜኑ ፉድስ የተባለ ኩባንያ ከ60 ሚሊዮን በላይ ጣሳና እሽግ የውሻና የድመት ምግብ ከገበያ እንደሚሰበስብ አስታወቀ። ምግቡ ሥጋ የሚመስሉ ቁርጥራጮች በመረቅ ውስጥ የተዘፈዘፉበት ዓይነት ነው። ቁርጥራጮቹን አያይዞ የሚያቆመውና መረቁን የሚያወፍረው ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ነበር። ሸማቹን ይበልጥ ያስደነገጠው የስም ዝርዝሩ ሆነ። ዋልማርት በርካሽ የሚሸጠው «ኦል ሮይ» እና ሰው ለውሻዬ ብሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣባቸው «አያምስ» እና «ዩካኑባ» የተፈበረኩት በአንድ ኩባንያ ማምረቻ ውስጥ ኖሯል። ዝርዝሩ ውሎ አድሮ ወደ መቶ የሚጠጉ የንግድ ስሞችን አቀፈ።

ኩባንያው ቅሬታ ይደርሰው የጀመረው በፌብሩዋሪ ነው። በዚያው ወር መጨረሻ በ40 እና 50 መካከል ለሚሆኑ እንስሳት ምግቡን እያቀረበ የጣዕም ሙከራ አደረገ። ማርች መግቢያ ላይ ለሙከራ ከቀረቡት መካከል ድመቶች በኩላሊት ሕመም መሞት ጀመሩ። ምርቱ እንዲሰበሰብ እስኪታወጅ ግን ሁለት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰው ከሱቅ እየገዛ ወደ ቤቱ ይወስድ ነበር።

ከአዋጁ በኋላ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ (ኤፍዲኤ) ስልኮች ተጨናነቁ። መሥሪያ ቤቱ ግን በሞት መዝገቡ ላይ ለሳምንታት ከ16 የበለጠ አላሰፈረም። ባለሥልጣናቱ የሰጡት ምክንያት በራሱ ሐሰት አይደለም፤ ለሰው በሽታ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል አለ፣ ለእንስሳት ግን የሚስተካከለው ተቋም የለም። ለባለቤቶቹ ይህ መልስ አልበቃቸውም። ስለ እንስሳት የሚጽፉ ጋዜጠኞችና የእንስሳት ሐኪሞች ተባብረው በፈቃደኝነት መዝገብ ከፈቱ፤ የምግቡ ስም፣ የምርት መለያ ቁጥሩ፣ የታመመበት ቀን፣ የሐኪሙ ምርመራ ይሞላበት ጀመር። የሞት ሪፖርቱም በቀናት ውስጥ ሺዎችን ተሻገረ። ባንፊልድ የተባለው ሰፊ የእንስሳት ሆስፒታሎች ድርጅት ደግሞ ከራሱ የሕክምና መረጃ ተነሥቶ በመላ አገሪቱ 39,000 ያህል እንስሳት ሳይታመሙ ወይም ሳይሞቱ አልቀሩም ሲል ገመተ።

እውነቱን ለመናገር የባለቤቶቹ መዝገብ ጉድለት ነበረበት። በእርጅና የሞተች ድመትም ልትመዘገብበት ትችላለች፤ የሚያጣራ አልነበረም። ይሁንና ያልተጣራ መዝገብና «16» የሚል ቁጥር ሲነጻጸሩ ለእውነት የቀረበው የትኛው እንደነበር ኤፍዲኤ ራሱ በኋላ ነግሮናል። መሥሪያ ቤቱ የደረሱትን ከ17,000 በላይ አቤቱታዎች ሲደምር 1,950 ያህል ድመቶችና 2,200 ያህል ውሾች እንደሞቱ ሪፖርት ተደርጎለት ነበር። በአንድ ላይ 4,150 መሆኑ ነው።

ገዳዩን ፍለጋው በስህተት ጀመረ። ማርች 23 የኒውዮርክ ስቴት ላቦራቶሪ አሚኖፕቴሪን የተባለ የአይጥ መርዝ አገኘሁ አለ። ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሊያረጋግጡት አልቻሉም። ከአንድ ሳምንት በኋላ ኤፍዲኤ በግሉተኑ ውስጥ ሜላሚን መገኘቱን ይፋ አደረገ። አዎን፣ የማይሰበር ሳህን የሚሠራበት ያው ሜላሚን።

ሜላሚን ምግብ ውስጥ ምን አደረሰው? ምክንያቱ የዴንማርኩ ኬሚስት ዮሃን ኬልዳል በ1883 ያስተዋወቀው የመመርመሪያ ዘዴ ውስጥ አለ። ዘዴው ፕሮቲንን በቀጥታ አይለካም፤ ናይትሮጅንን ለክቶ የፕሮቲኑን መጠን ያሰላል። ሜላሚን ከክብደቱ ሁለት ሦስተኛው ናይትሮጅን ስለሆነ ተራ የስንዴ ዱቄት ላይ ጥቂት ጣል ቢደረግበት በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ በፕሮቲን የበለጸገ ግሉተን መስሎ ይወጣል። ቅቤ ላይ ሙዝ፣ በርበሬ ላይ ሸክላ አፈር ሲቀላቀል የኖረበትን ገበያ ለሚያውቅ ሰው ተንኮሉ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ የሚታለለው የገዢ ዓይን ሳይሆን መመርመሪያው መሆኑ ነው።

ግሉተኑ የመጣው ከቻይና ጂያንግሱ ግዛት ሲሆን አስመጪው ላስ ቬጋስ ያለ ኬምኑትራ የተባለ ድርጅት ነበር። በኦንታሪዮ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሟሟቱን መንገድ አሳዩ። ሜላሚን ሳያኑሪክ አሲድ ከተባለ ሌላ ኬሚካል ጋር ሲገናኝ በድመት ሽንት ውስጥ ክሪስታል ይሠራል፤ ክሪስታሉም የኩላሊቱን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ከዚያ በኋላ በ2004 እስያ ውስጥ በኩላሊት ድካም ካለቁት ውሾች ተወስዶ የተቀመጠ ናሙና እንደገና ሲታይ ያው ክሪስታል ተገኘበት። በጊዜው ጥፋቱ የተላከከው በሻጋታ መርዝ ላይ ነበር።

እኛ ዘንድ ውሻ ትርፍራፊ በልቶ ደጅ የሚያድር ዘበኛ ነውና «ለውሻ ይህን ያህል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ውሻ ላይ አልቆመም። ከፋብሪካዎቹ የተረፈው ምግብ ለአሳማና ለዶሮ እርባታ ተሸጦ ስለነበር መርዙ ወደ ሰው ገበታ የሚወስደውን መንገድ ጀምሯል። በ2008 ደግሞ ቻይና ውስጥ ያው ተንኮል በሕፃናት ዱቄት ወተት ላይ ተደገመ። ውኃ የተቀላቀለበት ወተት ፕሮቲኑ የተሟላ እንዲመስል ሜላሚን ተጨመረበት። ወደ 300,000 የሚጠጉ ሕፃናት ታመሙ፤ 6 ሞቱ። ልጁ ከታመመበት በኋላ የሌሎች ወላጆችን አቤቱታ ያሰባሰበው ዣኦ ሊያንሃይ «ሁከት ቀስቅሰሃል» ተብሎ በ2010 የሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደበት። በአሜሪካ የመዘገቡት አልታሰሩም። የቆጠሩትን ይዘው ኮንግረስ እስኪሰማቸው ጮኹ።

ሴናተር ሪቻርድ ደርቢን ጉዳዩን ያዙት። ኤፕሪል 12 በተካሄደው የሴኔት የምርመራ ስብሰባ የኤፍዲኤ የእንስሳት ሕክምና ማዕከል ኃላፊ ስቲቨን ሰንድሎፍ ቀርበው ተጠየቁ። በሴፕቴምበር 2007 የወጣው ሕግ ኤፍዲኤ ለእንስሳት ምግብ የጥሬ ዕቃና የመለያ ጽሑፍ መስፈርት እንዲያወጣ፣ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓትም እንዲዘረጋ አዘዘ። በ2010 ማንኛውም ሰው አቤቱታውን የሚያስገባበት የኢንተርኔት መቀበያ ተከፈተ። በ2011 ኤፍዲኤ ምርት በግዴታ የማስሰብሰብ ሥልጣን አገኘ። እስከዚያ ድረስ የእንስሳት ምግብ እንዲሰበሰብ ማዘዝ ስለማይችል ኩባንያው እሺ እስኪል ይጠብቅ ነበር።

በፍርድ ቤት በኩል የተገኘው ያን ያህል አይደለም። ለእንስሳቱ ባለቤቶች የ24 ሚሊዮን ዶላር የካሳ ስምምነት ጸደቀ። ኬምኑትራ ጥፋቱን አምኖ 25,000 ዶላር፣ ሁለቱ ባለቤቶቹ እያንዳንዳቸው 5,000 ዶላር ተቀጡ። ከ800 ቶን በላይ የተበከለ ግሉተን ላስገባ ድርጅት ይህ ቅጣት ሳይሆን ቀልድ ነው።

ሸማቾች ከሕጉ ቀድመው ያሸነፉበትም ጊዜ አለ። ከቻይና የሚመጣ የደረቀ የዶሮ ሥጋ የበሉ ውሾች ስለመታመማቸው ኤፍዲኤ ለዓመታት አቤቱታ ሲቀበል ቆየ፤ የሞቱት ከ1,000 አለፉ፤ የሕመሙን ትክክለኛ መንስኤ ግን ሳያገኝ ቀረ። የገዢዎች ግፊት ሲበረታ ፔትኮና ፔትስማርት የተባሉት ትልልቆቹ ሱቆች በ2015 መግቢያ ላይ ቻይና ሠራሹን ከመደርደሪያቸው አነሡት።

የጥሬ ዕቃ መስፈርት እንዲወጣ ያዘዘው የ2007ቱ ድንጋጌ ቀነ ገደቡ ሁለት ዓመት ነበር። መስፈርቱ አልወጣም፤ በ2018 ኮንግረስ ትእዛዙን ራሱን ሰረዘው። የአቤቱታ መቀበያው ግን እስካሁን ይሠራል። አሜሪካ ሆናችሁ ውሻ ወይም ድመት የምታሳድጉ አንባቢዎች፣ ምግቡን ወደ ሌላ ዕቃ ብትገለብጡም ከረጢቱን አትጣሉት። አቤቱታ ስታስገቡ ከምትጠየቁት አንዱ ከረጢቱ ላይ የታተመው የምርት መለያ ቁጥር ነው።