ብርቅነት ሲሸጥ፦ የስፖርት መኪና ገበያና የፍራንክፈርት የወለድ ታሪክ

ያገለገለ ዕቃ ከአዲሱ ይረክሳል። መኪና ከሻጩ ግቢ ከወጣበት ሰዓት ጀምሮ ዋጋው ይቀንሳል፤ የሒሳብ ባለሙያዎችም ይህን «የእርጅና ተቀናሽ» ብለው በየዓመቱ በመዝገባቸው ያሰፍሩታል። በጥቂት ቁጥር የተመረቱ ስፖርት መኪኖች ግን ይህን ሕግ ገልብጠውታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 36 ብቻ ከተሠሩት የፌራሪ 250 ጂቲኦ መኪኖች አንዱ በ2018 ካሊፎርኒያ ውስጥ በ48.4 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጧል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለት ብቻ ከተሠሩት የመርሴዲስ 300 ኤስኤልአር «ኡለንሃውት ኩፔ» መኪኖች አንዱ ሽቱትጋርት በሚገኘው የኩባንያው ሙዚየም በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሽጧል። (በዚህ ጽሑፍ «ዓ.ም.» ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ለእንዲህ ዓይነቱ ዋጋ የሚሰጠው የተለመደ ምክንያት ውበት፣ ፍጥነትና ዝና ነው። ምክንያቱ ሐሰት ባይሆንም አንድ ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ውበትና ዝና ከዓመት ዓመት እምብዛም አይለዋወጡም፤ ታዲያ የእነዚህ መኪኖች ዋጋ በአንድ ዘመን በአንድነት አሻቅቦ በሌላ ዘመን በአንድነት የሚወርደው ለምንድን ነው? መልሱን ከፋብሪካዎቹ ይልቅ በፍራንክፈርት ከተማ መፈለግ ይሻላል። ፍራንክፈርት ከ1951 እስከ 2019 ድረስ ታላቁን ዓለም አቀፍ የመኪና ትርኢት አስተናግዳለች። በዚያው ዘመን የጀርመን ፌዴራል ባንክ፣ ከ1998 ወዲህ ደግሞ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ መቀመጫ ሆናለች። መኪኖቹ የታዩባት ከተማ የወለዳቸው ልክ የተወሰነባትም ከተማ ነበረች።

ዝቅተኛው ቁጥር ከፍተኛ ሲሆን

ፖርሽ በ1983ቱ የፍራንክፈርት ትርኢት «ግሩፕ ቢ» ለተባለው የውድድር ምድብ ያሰበውን ናሙና አቀረበ። ከሁለት ዓመት በኋላ በዚያው አዳራሽ ለገዢ የተዘጋጀውን 959ን አሳየ። የውድድሩ ደንብ አንድ አምራች በምድቡ ለመሳተፍ ቢያንስ 200 መኪኖችን እንዲሠራ ያስገድድ ነበር። የደንቡ ዓላማ ለአንድ ውድድር ብቻ ተብሎ የሚሠራ፣ ገበያ የማያውቀው መኪና እንዳይሳተፍ መከልከል ነበር። በሌላ አነጋገር 200 የምርቱ ዝቅተኛ ወለል እንጂ ጣሪያ አልነበረም። ገዢዎች ግን ቁጥሩን በተቃራኒው አነበቡት፤ ለእነሱ ደንቡ «ከዚህ በላይ አይሠራም» የሚል የብርቅነት ማረጋገጫ ሆነ።

ይህ ንባብ ከታሪክ ጋር የሚስማማ አልነበረም። ያው ኩባንያ ከአሥር ዓመት ቀደም ብሎ ካሬራ አርኤስ 2.7ን ሲያቀርብ ደንቡ የጠየቀው 500 ብቻ ነበር፤ ገበያው ሲደራ ግን 1,580 መኪኖች ተሠሩ። ፌራሪም በ1987 ኤፍ40ን ሲያስተዋውቅ ስለ 400 መኪኖች ይነገር ነበር፤ ምርቱ ሲቆም ቁጥሩ ከ1,300 በላይ ደርሷል። ፖርሽ 959 በ300 ገደማ ላይ የቆመው አምራቹ ለሰብሳቢዎች ቃል ስለገባ አይደለም። ከ400 ሺህ የጀርመን ማርክ በላይ የሚሸጠው መኪና ለኩባንያው ከመሸጫ ዋጋው በላይ ወጪ የሚያስከትል ስለነበረ ነው። «ግሩፕ ቢ» ራሱ በ1986 ሰው ከገደሉ አደጋዎች በኋላ ታገደ። መኪኖቹ ለደንበኞች መድረስ ሲጀምሩ የተሠሩለት ውድድር ተዘግቶ ነበር።

ጊዜው ግን ለእነሱ የተመቸ ሆነ። በጥቅምት 1987 የዓለም የአክሲዮን ገበያዎች በአንድ ቀን ወደቁ። ማዕከላዊ ባንኮች ድንጋጤውን ለማስታገስ ወለድ ቀነሱ፤ የጀርመን ፌዴራል ባንክም የቅናሽ ወለዱን በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ 2.5 በመቶ አወረደ። ከአክሲዮን የሸሸና በባንክ ብዙ የማያገኝ ገንዘብ መጠጊያ መፈለግ ጀመረ። በነሐሴ 1988 የኩባንያው መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ሲሞት በሕይወቱ የተሠራ መኪና ሁሉ ከዚህ በኋላ የማይደገም ቅርስ ተደርጎ ታየ። ኤፍ40 ከፋብሪካ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይሸጥ ጀመር። ከመኪናው አልፎ የወረፋው ተራ ራሱ ሸቀጥ ሆነ፤ ቀብድ የከፈለ ሰው መኪናውን ሳያይ ውሉን ለሌላ ሸጦ ያተርፍ ነበር።

የእንግሊዙ ጃጓር ኤክስጄ220 የዚህ ዘመን ፍጹም ምሳሌ ነው። ኩባንያው 350 መኪኖችን ለመሥራት አቅዶ ከእያንዳንዱ ገዢ 50 ሺህ ፓውንድ ቀብድ ተቀበለ፤ ሊገዙ የፈለጉት ከዚያ ቁጥር እጅግ ይበልጡ ነበር። መኪናው በ1992 ለርክክብ ሲደርስ ብዙዎቹ ቀብድ ከፋዮች ከውላቸው ለመውጣት ፈለጉ፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። በመጨረሻ የተሠሩት 280 ገደማ ናቸው። በመካከሉ ምን ሆነ? ኩባንያው በሞተሩ ዓይነት ላይ ቃሉን መለወጡ ገዢዎችን አስቀይሟል። ትልቁ ለውጥ ግን የተከሰተው በገንዘብ ገበያው ነበር። ጃፓን ከ1989 እስከ 1990 ወለዷን ከ2.5 ወደ 6 በመቶ አሳደገች። የጀርመን ውሕደት ያስከተለውን የዋጋ ንረት ለመግታት ፌዴራል ባንኩ የቅናሽ ወለዱን በሐምሌ 1992 እስከ 8.75 በመቶ አደረሰ። በአውሮፓ የምንዛሪ ሥርዓት ከማርክ ጋር የታሰሩት አገሮችም ወለዳቸውን ዝቅ ማድረግ አልቻሉም።

ብርቅ መኪና እንደ ቤት ኪራይ፣ እንደ አክሲዮንም የትርፍ ድርሻ አያስገኝም። ይልቁንም ኢንሹራንስ፣ ጋራዥና ጥገና ይፈልጋል። ስለዚህ ዋጋው የሚቆመው በአንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ነው፦ ነገ የሚመጣው ገዢ ከዛሬው የበለጠ ይከፍላል በሚል ተስፋ። ባንክ 2.5 በመቶ ሲከፍል ይህን ተስፋ ይዞ መቀመጥ ርካሽ ነው፤ 8 በመቶ ሲከፍል ግን የየወሩ መጠበቂያ ዋጋ ውድ ይሆናል፤ በብድር ለገዛ ሰው ደግሞ የማይቻል ይሆናል። የ1990ዎቹ ውድቀት ምክንያቱ ይህ ነበር። መኪኖቹ እንደ ወትሮው ውብ ነበሩ፤ የተለወጠው የገንዘብ ዋጋ ነው።

አምራቹ እንደ ማዕከላዊ ባንክ

ሁለተኛው ዙር ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ መጣ። በ2010 በፍራንክፈርት ፌሸንሃይም ሰፈር አንድ የቀድሞ የእርሻ መሣሪያ ፋብሪካ «ክላሲክሽታት» ተብሎ ተከፈተ፤ ባለቤቶች መኪኖቻቸውን በመስታወት ጋራዦች የሚያስቀምጡበት፣ የሚያስጠግኑበትና የሚሸጡበት ስፍራ ነው። በአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ጎረቤት ለመኪና እንደ ባንክ ካዝና ያለ ቤት መሠራቱ የዘመኑን መንፈስ ያሳያል። የጀርመን ሕግም ለዚህ ንብረት የማይመች አልነበረም። ግለሰብ ለንግድ ያልተጠቀመበትን መኪና ከገዛ ከአንድ ዓመት በኋላ ቢሸጥ ትርፉ የገቢ ግብር አይነካውም። ከ1997 ጀምሮም 30 ዓመት የሞላው፣ በይዘቱ የተጠበቀ መኪና ልዩ ታርጋ አግኝቶ ዓመታዊ ግብሩ 191.73 ዩሮ ብቻ ይሆናል። በሰኔ 2014 የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የተቀማጭ ወለዱን ከዜሮ በታች ሲያወርድ ምንም ገቢ የማያስገኝ መኪና እንኳ ከባንክ ተቀማጭ ጋር እኩል ቆመ።

በዚህ ድባብ ፖርሽ በ2016 911 አር የተባለውን መኪና በ991 ቁጥር ወስኖ አቀረበ። በጀርመን ዋጋው ከ190 ሺህ ዩሮ ትንሽ ያነሰ ነበር፤ በመልሶ ሽያጭ ገበያ ግን ወዲያው ከእጥፍ በላይ ተጠየቀበት። ገዢዎች የፈለጉት በእጅ ማርሽ የሚነዳውን፣ ትልቅ የኋላ ክንፍ የሌለውን ቀላል መኪና ነበር። በመስከረም 2017 ኩባንያው በፍራንክፈርት ትርኢት በብዙ ነገር ተመሳሳይ የሆነውን «911 ጂቲ3 ቱሪንግ» ያለ ቁጥር ገደብና ባነሰ ዋጋ አቀረበ። የ911 አር የመልሶ ሽያጭ ዋጋ ወረደ። የቀድሞው መኪና አንድ ብሎን እንኳ አልጎደለውም፤ የጎደለው ብርቅነቱ ነበር። አምራች የራሱ ብርቅነት ማዕከላዊ ባንክ ነው። የገባውን ቃል ካላጠፈ ዋጋው ይጸናል፤ አዲስ ካተመ ግን በያዦች እጅ ያለው ይረክሳል።

አምራቾች ትርፉ ለአትራፊ ነጋዴ መሄዱን ሲያዩ ሌላ መንገድም ሞክረዋል። ፎርድ ጂቲ የተባለውን መኪና የሚገዙትን በማመልከቻ ከመረጠ በኋላ ለሁለት ዓመት እንዳይሸጡ በውል አሰረ፤ በ2017 ዝነኛውን ታጋይ ጆን ሲናን ውሉን ጥሷል ብሎ ከሰሰ፣ ክርክሩም በቀጣዩ ዓመት በስምምነት አለቀ። ዋጋ ከገበያው በታች ሲወሰን ልዩነቱ አይጠፋም፤ ወረፋውን የሚመድበው ሰው ለመረጠው ይሄዳል። ያንን ልዩነት በእገዳ መያዝም ቋሚ ክትትል ይጠይቃል።

ጠገራ ብርና ቶዮታ

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ በገበያ የሚዘዋወረውን የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የሚቀበል ነጋዴ በምስሉ ላይ ያሉትን የጌጥ ነጥቦች እየቆጠረ እውነተኛነቱን ይመረምር ነበር። ዛሬ የሞተሩና የሻንሲው ቁጥር መግጠሙን የሚያመሳክር የፍራንክፈርት ሰብሳቢ የሚያደርገውም ያንኑ ነው። ሁለቱም የሚፈልጉት ማንም እንደ ልቡ ሊያበዛው የማይችል ሀብት ነው።

በአዲስ አበባ ያንን ሚና ለረጅም ጊዜ የተጫወተው ስፖርት መኪና ሳይሆን ተራ ቶዮታ ነው። ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሆኖ ሳለ ዓመታዊው የዋጋ ንረት በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። ንረቱ ሲቀነስ ቆጣቢው የሚያገኘው ወለድ ከዜሮ በታች፣ ያውም ፍራንክፈርት ደርሳበት ከማታውቀው ጥልቀት በታች ነበር። የውጭ ምንዛሪ በወረፋ ይታደል ነበር። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በአገር ውስጥ ያለው የቤንዚን መኪና ሁሉ፣ አምራቹ ጃፓን ውስጥ በሚሊዮን ቢያመርተውም፣ በኢትዮጵያ ገበያ «ቁጥሩ የተወሰነ ምርት» ሆነ። ለዓመታት የተነዳ መኪና ከተገዛበት በበለጠ ብር መሸጡም ከዚህ የመነጨ ነው።

ሁለት ልዩነቶች ግን ሊረሱ አይገባም። አንደኛው ትርፉ በምን ይለካል የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በብር ያተረፈ የመኪና ባለቤት በዶላር ሲቆጥር ያተረፈው ጥቂት ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ ከኪሳራ ሸሸ እንጂ አልበለጸገም።

ሁለተኛው ልዩነት ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው የሚለው ነው። የኤክስጄ220 ወይም የ911 አር ዋጋ ሲወርድ የሚጎዳው ትርፍ ሀብቱን ለዕድል የሰጠ ሰው ነው፤ የከተማው ሕይወት አይናጋም። የአዲስ አበባው ቶዮታ ግን የራይድ ሹፌሩ መተዳደሪያ፣ የቤተሰቡ ሐኪም ቤት መድረሻ ነው። መኪናው ባንክ ሲሆን መጓጓዣ ለሚፈልገው ሰው የማይደረስበት ይሆናል፤ ያረጀው መኪናም ከመንገድ አይወጣም። ለፋብሪካ ወይም ለእርሻ ብድር ሊሆን ይችል የነበረው ቁጠባም በየግቢው ቆሞ ጎማው ይደርቃል። ያም ሆኖ ዋጋው የቆመው በአንድ መመሪያ ላይ ነው፤ ክልከላው ቢላላ ወይም ርካሽ የኤሌክትሪክ መኪና ቢበዛ በ2017 በፍራንክፈርት አዳራሽ የሆነው በአዲስ አበባ ይደገማል።

የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ወለዱን እያሳደገ በመስከረም 2023 የተቀማጩን 4 በመቶ አደረሰው። ጥቂት እጅግ ብርቅ መኪኖች ዋጋቸውን ቢጠብቁም መካከለኛው የሰብሳቢዎች ገበያ ቀዘቀዘ። የመኪና ትርኢቱም ከ2021 ጀምሮ ወደ ሙኒክ ሄዷል፤ ወለዱን የሚወስነው ባንክ ግን እዚያው ማይን ወንዝ ዳር ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው የፖሊሲ ትምህርት ስለ ቅንጦት አይደለም። መኪና በአገር ቤት እየተወደደ ሲሄድ ተንታኞች ጣታቸውን ወደ ደላላው መቀሰር ይቀናቸዋል። ደላላው ግን ዋጋውን አልፈጠረውም፤ ገንዘቡን ከንረት የሚጠብቅለት ቦታ ያጣው ቆጣቢና አቅርቦቱን የዘጋው ደንብ ፈጠሩት። መፍትሔውም ከዚያው ይጀምራል፦ ከንረት የማያንስ የቁጠባ ወለድ፣ በድንገት የማይለዋወጥ የግብርና የንግድ ደንብ፣ አነስተኛ ቆጣቢም ሊገዛው የሚችል የግምጃ ቤት ሰነድ ያስፈልጋል። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ ወይም ለመመለስ የሚያስብ ሰው የፖሊሲውን ጤና ለመለካት አንድ ቀላል መለኪያ አለው። የአምስት ዓመት ዕድሜ ያለው ተራ መኪና ከአዲሱ በግልጽ ረክሶ መሸጥ ሲጀምር ብሩ ገንዘብ፣ መኪናውም መኪና ሆኗል ማለት ነው።