ካርታው ሲቀየር ጣቢያው የማን ነው?

በአሜሪካ የየከተማው ቴሌቪዥን ጣቢያ ኔትዎርኩን የሚለውጠው በውል ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የኒው ወርልድ ኩባንያ ጣቢያዎች ነባር ኔትዎርኮቻቸውን ትተው ወደ ፎክስ የዞሩት እንዲሁ ነበር። በእኛ አገር ግን የጣቢያን ወገን የሚለውጠው የአስተዳደር ካርታ ነው።

ገዘርና ጂንካ ትናንት የጋሞ ጎፋ ክፍለ ሀገር ነበሩ። ኋላ በደቡብ ክልል ሲጠቃለሉ «የክልላችን ጣቢያ» የሚባለው ሐዋሳ የተቀመጠው ደቡብ ቴሌቪዥን ሆነ። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ሆነ፤ ሐዋሳም መዲናው ሆነች። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ደቡብ ኦሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ታቀፈ። ተመልካቹ ከቤቱ ሳይነሣ ክልሉ ተለወጠ።

ሕዝቡ በጥር 2015 ዓ.ም. ስለ ክልሉ ድምፁን ሰጥቷል፤ ስለ ጣቢያው ግን በድምፅ መስጫው ላይ የሰፈረ ጥያቄ አልነበረም። እኔ የጣቢያን ባለቤትነት የምለካው በስሙ አይደለም፤ ለአሪኛና ለሐመርኛ በሚሰጠው ሰዓት ነው።